አንድ ሚሊዮን አንድ ችግኝ

ቆቦ ውስጥ መምህር ገብረ መድኅንን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። አባታቸው ከማይጨው ወርደው ቆቦ ላይ ጨርቅ የነገዱ ሰው ነበሩ። ልጅየው ግን ከሱቁ ሁሉ የወደዱት በጣቃው ጫፍ ላይ የታተመውን ቁጥር ነበር። እስካሁንም ከዋጃ የሚመጣ ሚኒባስ ሲያልፍ ታርጋውን ያነቡና አብሯቸው ለሚሄደው ሰው «ይሄ በአሥራ ሦስት ይካፈላል» ይላሉ። ስልክ ቁጥሩን የሰጣቸው ሰው ደግሞ አለቀለት፤ ቁጥሩ ተበትኖ፣ ተባዝቶ፣ ተካፍሎ ሳያልቅ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ከቁጥር ሁሉ አንድ የሚወዱት ነበራቸው፤ አንድ ሚሊዮን አንድ። በአኃዝ ሲጻፍ 1,000,001። እኔም አብሬያቸው ሒሳብ ስለማስተምር ለምን እንደወደዱት ይገባኛል። እስቲ አብረን እንየው።

መጀመሪያ መልኩን ተመልከቱ። ከግራም ከቀኝም ቢነበብ ያው ነው፤ ዳርና ዳር ሁለት አንዶች፣ መሐላቸው አምስት ዜሮ። ቀጥሎ ጎረቤቱን እንመልከት። በሁለት የሚያንሰው 999,999 በሦስትም፣ በሰባትም፣ በአሥራ አንድም፣ በአሥራ ሦስትም፣ በሠላሳ ሰባትም ያለ ቀሪ ይካፈላል። ጎረቤቱ ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ በሁለት የሚበልጠው የእኛ ቁጥር በአምስቱም ሲካፈል ሁለት ሁለት ይተርፈዋል ማለት ነው። አንድም የማካፈል ሥራ ሳንሠራ አምስት አካፋዮች ባንዴ ወደቁ! ተጋማሽ ስላልሆነ በሁለት አይካፈልም። መጨረሻው አንድ ስለሆነ በአምስትም አይካፈልም። መምህር የቀሩትን ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ እየሞከሩ እስከ ዘጠና ሰባት ይደርሳሉ። አንዱም አያካፍለውም። ከዚያ ጠመኔውን ያስቀምጡና እጃቸውን አራግፈው «ብቸኛ ቁጥር!» ይላሉ። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለው ነው።

ስህተት ነው። አንድ ሚሊዮን አንድ ብቸኛ ቁጥር አይደለም። መምህር ገብረ መድኅን ግን ይህን ስህተት በየዓመቱ፣ ለየክፍሉ፣ በሙሉ ልብ አስተምረዋል።

እንዴት ተሳሳቱ? ይህን ማወቅ ለእኛ ለአስተማሪዎች ቁጥሩን ከማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት፤ አንዱ ትልቅ ከሆነ ጓደኛው ትንሽ ነው። ሺህ በሺህ ሲባዛ ሚሊዮን ስለሆነ፣ ቁጥራችን አካፋይ ካለው ከጥንዱ አንዱ ከሺህ አይበልጥም። ስለዚህ እስከ ሺህ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል፤ አንድ መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው። በመማሪያ መጽሐፉ ጀርባ ያለው ሠንጠረዥ ግን የያዘው እስከ መቶ ያሉትን ሃያ አምስቱን ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ዘጠና ሰባት። ተማሪ ለሚሠራቸው ቁጥሮች፣ እስከ አሥር ሺህ ድረስ፣ ሠንጠረዡ ይበቃል። ሁልጊዜ ስለሚበቃ እጅ ይለምድና ሠንጠረዡ ሲያልቅ ሥራው ያለቀ ይመስላል። መምህር ደንቡን ያውቁታል፤ ሲያስተምሩትም ኖረዋል። እጃቸው ግን ዘጠና ሰባት ላይ መቆም ለምዶ ነበር።

ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር ደግሞ መቶ አንድ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ጥር ላይ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፉና እንደ ልማዳቸው ፎከሩ። «ይሄን የሚያካፍል ያገኘ ካለ ከነገ ጀምሮ እሱ ያስተምር፤ እኔ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ!»

ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ ተነሣች። ራቢዓ ትባላለች፤ አባቷ ሮቢት ላይ ከጎሊና ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ሽንኩርት ያለማሉ። እሷ ቆቦ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ትማራለች። ከዚያ ቀን በፊት ክፍል ውስጥ ድምጿ የተሰማበት ጊዜ የለም።

«ቲቸር፣ መቶ አንድ ያካፍለዋል።»

«በምን አወቅሽ?»

«በሽንኩርት።»

መምህር ሳቁ። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ «ማንም ሳይስቅ እኔ ቀድሜ ሳቅሁ» ብለው። ቀጥሎ ክፍሉ በሳቅ አወካ። «ሒሳብ መደብ ላይ አይተከልም፤ ቁጭ በይ» አሏት። ቁጭ አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ስሟ «መቶ አንድ» ሆነ። በር ላይ «መቶ አንድ መጣች»፣ ውሃ ቧንቧው ጋ «መቶ አንድ፣ ሽንኩርቱ ደረሰ?» ይሏታል። ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር አልመጣችም። የክፍል ኃላፊው መምህር እሳቸው ስለነበሩ፣ ከስሟ ፊት ለፊት በቀይ እስክሪፕቶ «አቋረጠች» ብለው ጻፉ። ለምን ብለው አልጠየቁም። በዚያ ዓመት ያቋረጡት አሥራ አንድ ነበሩ።

ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዓመት፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መምህር በመምህራን ክፍል ተቀምጠው የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ያዘጋጁ ነበር። ርዕሱ «አካፋይ ፍለጋ የት ይቆማል?» የሚል ነው። ሠንጠረዡ ሲያልቅ ማቆም እንደማይገባ ለልጆቹ ለማሳየት ፈለጉ። ለምሳሌ ትልቅ ቁጥር ያስፈልግ ነበርና የሚወዱትን ቁጥር ወሰዱ። «ከዘጠና ሰባት በኋላም መቀጠል አለብን፤ ለምሳሌ መቶ አንድን እንሞክር» ብለው ጻፉና ማካፈል ጀመሩ። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ፤ ቀሪ ዜሮ።

እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው እንደገና ሠሩት። ከዚያ በማባዛት ሞከሩት። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ በመቶ ሲባዛ፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሺህ አንድ መቶ ነው። በላዩ አንድ ጊዜ ሲጨመርበት አንድ ሚሊዮን አንድ ሞላ፤ አልተረፈም፣ አልጎደለም። «ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ራሱስ ይካፈል ይሆን?» አልኳቸው እኔ ሞኙ፣ ነገሩ ደስ ብሎኝ። ከአሥር ሺህ ስለሚያንስ ለእሱ የመጽሐፉ ሠንጠረዥ ይበቃል። ሞከርኩትና ብቸኛ ቁጥር ሆኖ አገኘሁት። «መምህር፣ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ናቸው እኮ የሚያካፍሉት!» ብዬ ቀና ስል ፊታቸውን አየሁ። ጆሯቸው ሳይቀር ቀልቷል።

«ልጅቷ ነግራኝ ነበር» አሉ።

ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ወረቀቱን ቀደው ቢጥሉት ነገሩ እዚያው በቀረ። እሳቸው ግን በዚያው ክፍለ ጊዜ ገብተው «ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳስቻለሁ» ብለው ለተማሪዎቹ አሳዩ፤ ልጆቹም አጨበጨቡላቸው። ጭብጨባው ይበልጥ አሳፈራቸው። ስለ ቁጥሩ መናገር ቀላል ነበር። ራቢዓን ግን አልጠቀሱም፤ አፋቸው እምቢ አለ።

ከሳምንት በኋላ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ትርሓስን «ሮቢት ሄጄ በሽማግሌ ይቅርታ ልጠይቅ ነው፤ ድንጋይ ተሸክሜ» አሏቸው።

«እዋይ ገብሬ! ላም አልሰረቅክ፣ ሰው አልመታህ! ለአንድ ቁጥር ድንጋይ ትሸከማለህ?»

«ለቁጥሩ አይደለም ትርሓስ። ጠመኔው በእጄ ነበር። አካፍዬ ባየው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግማሽ ደቂቃ ነፈግኳት።»

«ሰው ምን ይላል?»

«እሷንስ ሃያ ሦስት ዓመት ምን ሲላት ኖረ?»

ወይዘሮ ትርሓስ የባላቸውን ነጠላ አውጥተው ሰጧቸው።

ሮቢት ላይ ራቢዓን ማግኘት አላስቸገረም። ከአባቷ ሞት በኋላ መሬቱን የምታለማው እሷ ናት። ከጎብዬ ድረስ የሽንኩርት ችግኝ ፈልገው የሚመጡት ወደ እሷ ነው። አሁንም አንዳንድ ሰው «መቶ አንድ» ይላታል፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቀውም። ሽማግሌ የሆኑት የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሼህ ረዲና የክርስቲያኑ ወገን አባ ታረቀኝ ናቸው፤ የድንበርም የደምም ጉዳይ አብረው ሲሸመግሉ ኖረዋል። ከመደቧ ዳር ካለው የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ራቢዓ ነጠላዋን ተከናንባ ፊት ለፊት ተቀመጠች። መምህር ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለው ቆሙ፤ አብሬያቸው የሄድኩት እኔ ከኋላ ነኝ።

«መምህር፣ ደም አለብህ?» አሉ ሼህ ረዲ።

«የለብኝም ሼህ።»

«ድንበር ገፍተሃል?»

«አልገፋሁም።»

«ታዲያ ይሄን የሚያህል ድንጋይ ምን አመጣው?»

«በቁጥር ነው የበደልኳት።»

አባ ታረቀኝ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሼህ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ስንሸመግል የቁጥር በደል ገጥሞን ያውቃል?»

ራቢዓ ቀና ብላ አየቻቸው። አባ ታረቀኝ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ያልገባንን በደል ይቅር በዪው ብለን አናስገድዳትም» አሉ ሼህ ረዲ። «አስረዳን። በደልህን አንተው መስክር።»

መምህር ድንጋዩን በአንድ እጃቸው ደግፈው በሌላው እንጨት ያዙና መሬት ላይ ማካፈል ጀመሩ። ላባቸው በአኃዞቹ ላይ ይንጠባጠባል። «መቶ አንድ በሺህ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ…»

«ኧረ ተው መምህር» አሉ አባ ታረቀኝ። «እኔ በአሥር ማካፈልም ያደክመኛል። በዚህ ከሆነ ስትበድላትም አላየሁ።»

መምህር ትምህርቱ ለማንም ገብቶ እንደማያውቅ ጀማሪ አስተማሪ ቆመው ቀሩ። በዚህ ጊዜ ራቢዓ ተነሣች። «ይተዉት፤ በዚህ አይገባቸውም» አለችና ከመደቧ ጥግ የተጠቀለለ ገመድና አንድ እስር ችግኝ ይዛ መጣች።

«ይሄ የአባቴ ገመድ ነው፤ የመትከያ። በየጋቱ ቋጠሮ አለው። ከጫፍ እስከ ጫፍ መቶ ጋት ነው። በየቋጠሮው አንዲት ችግኝ ትተከላለች። ሼህ፣ በአንድ መስመር ስንት ችግኝ ይገባል?»

«መቶ ነዋ።»

«እጅዎን ይዘርጉ እስቲ። በጣቶችዎ መሐል ስንት ክፍተት አለ?»

«አራት።»

«ጣትዎስ?»

ሼህ ረዲ እጃቸውን አዩት። «ሱብሃነላህ! መቶ አንድ ነው።»

«መነሻውም ላይ ይተከላላ። ችግኝ ግን የምናስረው በመቶ በመቶ ነው። ስለዚህ አንድ እስር ይዞ መስመር የገባ ሰው አንዲት ትጎድለዋለች። ልጅ ሆኜ ሥራዬ ያችን አንዲት እየሮጥኩ ማቀበል ነበር።» እስሩን መሬት ላይ አኖረችው። «መቶ እስር ብናመጣስ? ዘጠና ዘጠኙን እስር በዘጠና ዘጠኝ መስመር እናሰማራለን፤ ሁሉም አንዳንድ ይጎድላቸዋል። መቶኛውን እስር እፈታና ለየመስመሩ አንዳንድ አድላለሁ። ዘጠና ዘጠኙም ሞሉ። በእጄ ስንት ቀረ?»

«አንዲት» አሉ አባ ታረቀኝ፤ አሁን ጋቢያቸው ከአፋቸው ወርዷል።

«አንዲት ተረፈች። መቶ ሲሆን ይጎድላል፣ መቶ መቶ ሲሆን ይተርፋል። አሁን ይሄንኑ በመቶ ማሳ ያድርጉት። ከየማሳው አንዳንድ ተረፈኝ፤ በእጄ መቶ ችግኝ ይዣለሁ። መቶ ደግሞ…»

«መስመር ሊሞላ አንዲት የጎደለው!»

«እሱ ነው። እስካሁን ስንት ችግኝ አነሣን?»

ሼህ ረዲ በጣታቸው አሰሉ። «መቶ እስር አሥር ሺህ… መቶ ማሳ… ሚሊዮን።»

«በሚሊዮኑ ላይ አንዲት ብትጨምሩልኝ?»

«ትሞላለች!» አሉ ሁለቱ ሽማግሎች በአንድ ድምፅ።

«ሞላች። የሚተርፍም የሚጎድልም የለም። ያን ቀን ልናገር የተነሣሁት ይሄንን ነበር።»

እኔ በሕይወቴ ከዚህ የጠራ ማስረጃ አልሰማሁም። መስመሮቹን ቁጠሩና እዩት። በየማሳው ዘጠና ዘጠኝ፣ በመቶ ማሳ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ። የመጨረሻዋ ስትሞላ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ። መምህር በወረቀት ያገኙት ሁለተኛው አካፋይ እዚያው አፈር ላይ ቆሟል! መምህርም አላስቻላቸውም፤ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ጮኹ። «እንዴት ያምራል! ራቢዓ፣ ኧረ እንዴት ያምራል!»

«ጠይቀውኝ ቢሆን ያን ቀንም ያምር ነበር» አለች።

መምህር ተንበረከኩ። ድንጋዩ ከብዷቸው አይመስለኝም። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ያፈሩት አንዲት ልጅ ትክክል ሆና ሳለ ተሳስተሻል ስላሏት ነበር። አሁን ግን ምን እንዳልሰሙ ሰሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት የደከሙለት ነገር፣ ልጅ ራሱ አይቶ የሚያመጣው ማስረጃ፣ አንድ ቀን በእግሩ ክፍላቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ቁጭ በይ አሉት።

«በይ ልጄ፣ በደሉ ገብቶናል» አሉ ሼህ ረዲ። «አላህም ይቅር ባይ ነው፤ ይቅር በዪው።»

ራቢዓ ሄዳ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሣችና ከእስሩ አጠገብ አኖረችው። «ለስህተቱ ይቅር ብያለሁ። ቁጥር ማንንም ያሳስታል። ቀድመው ስለሳቁብኝ ግን ዛሬ ይቅር አልኩ ብል ወላሂ ውሸት ይሆንብኛል።»

«ሽማግሌ ትረግጫለሽ?» አሉ አባ ታረቀኝ።

«አልረገጥኩም አባባ። ያለኝን ሰጠሁ፤ የሌለኝን ከየት ላምጣ?»

«ልክ ናት» አሉ መምህር ተንበርክከው እንዳሉ፤ ከዚያ ወደ እሷ ቀና አሉ። «ትምህርቱን የተውሽው… በእኔ ምክንያት ነው?»

«አባቴም ታመው ነበር። እሳቸው ባይታመሙም ግን አልመለስም ነበር።» ገመዱን መጠቅለል ጀመረች። «አንቱ ለእኔ ነገሩኝ፤ እኔ ግን ድሮም አውቀው ነበር። ለሳቁት ይንገሯቸው።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። «ይሄ ፍርድ ነው» አሉ ሼህ ረዲ።

የዚያ ክፍል ተማሪዎች ሃምሳ ስምንት ነበሩ። ራቢዓን ሲያወጡ ሃምሳ ሰባት። መምህር ስማቸውን በአንድ ደብተር ጽፈው በየዕረፍቱ ሰዓት ስልክ ይደውላሉ፤ አንዱ ስለ ሌላው አድራሻ ይሰጣቸዋል። እስካሁን ሃያ ስድስቱን አግኝተዋል። ሌሎች ሦስቱ በሕይወት የሉም። ሲደውሉ ከመምህራን ክፍል ወጥተው አያውቁም፤ ሁላችንም እየሰማን ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ደጅ ወጥተው ለብቻዎ ያነጋግሯቸው» ብያቸው ነበር። «ያሳፈርኳት በሰው ፊት አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ያገኙት ሎጊያ ላይ የጭነት መኪና የሚነዳውን ጌታሁንን ነው።

«ጌታሁን ነህ? መምህር ገብረ መድኅን ነኝ፣ ከቆቦ።»

«ቲቸር! በደኅና ነው?» ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ከስልኩ ውጭ ይሰማል።

«ደኅና ነኝ። ስምንተኛ ክፍል አብራችሁ የነበረችውን ራቢዓን ታስታውሳለህ?»

«ራቢዓ… ራቢዓ… አላስታውስም።»

ይህ ነው ከሁሉ የሚከብዳቸው። ከሃያ ስድስቱ አሥራ ሰባቱ አላስታወሷትም። እሷ ትምህርቷን ያጣችበትን ነገር እነሱ በዚያው ሳምንት ረስተውታል።

መምህር በዝግታ አስረዱት፤ እኔ ሳቅሁ፣ እናንተ ተከተላችሁኝ፣ እሷ ልክ ነበረች ብለው። ማስረጃዋንም ከገመዱ ጀምረው ሳይቸኩሉ ነገሩት። ጌታሁን መጀመሪያ «ቀልድ ነበር እኮ ቲቸር» አለ። በመጨረሻም «እሷስ ይቅር አለችዎ?» ብሎ ጠየቀ።

«ስለ ስህተቱ ይቅር ብላኛለች። ስለ ሳቁ ገና ነው።»

«እኔስ ስልኳን ቢሰጡኝ ይቅርታ ልጠይቃት?»

«እሷን ሳልጠይቅ አልሰጥህም። እሷን ለመጠየቅ ደግሞ…» አሉና ፊታቸውን ከእኛ ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ድፍረቱን ሳገኝ እደውልላታለሁ።»

ስልኩን ዘጉ። ብዙ ሳይቆይ የክፍለ ጊዜው ደወል ተደወለ። መምህር ጠመኔያቸውን አንሥተው ወደ ክፍል ሄዱ።